የጣና ታንኳን በዩኔስኮ ለማስመዝገብ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር ነው። ጠያቂው መምህር ናቸው። ከባልደረቦቻቸውና ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው ደንገል ከሚባለው የረግረግ ተክል ታንኳ የመሥራት ሙያ እንዳይጠፋ የሚሠራ ማኅበር አቋቁመዋል። እንዲህ ይላሉ፦ «ታንኳ የሚሠሩ ሽማግሌዎች እያነሱ ነው። ወጣቱ ሙያውን አይፈልገውም። ደንገሉም እንደ ድሮው አይደለም። ታንኳውን በዩኔስኮ ለማስመዝገብና በጀት ለመጠየቅ ለዩኔስኮ ኢትዮጵያ ብሔራዊ ኮሚሽን ደብዳቤ አዘጋጅተናል። ጣና በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ ታንኳውን እዚያው ላይ ማስጨመር ቀላል ነው ያሉን አሉ። ክፍያ ተቀብሎ ሰነዱን የሚያስጨርስልን ሰውም አግኝተናል። ደብዳቤውን እናስገባ? ሰውየውንስ እንመነው?»

ደብዳቤውን አሁን አታስገቡ። ለሰውየውም አንድ ብር አትክፈሉ። ሐሳባችሁ ጥሩ ነው፤ የጀመራችሁበት ቦታ ግን ትክክል አይደለም።

መጀመሪያ ኮሚሽኑ ምን እንደሆነ እንነጋገር። ዩኔስኮ በትምህርት፣ በሳይንስና በባህል ላይ የሚሠራ የመንግሥታት ድርጅት ነው። አባሎቹ አገሮች እንጂ ማኅበራት ወይም ግለሰቦች አይደሉም። ኢትዮጵያ አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው (ከታች ካለው የአዋጅ ቁጥር በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ታዲያ መንግሥት ብቻውን ትምህርትን፣ ሳይንስንና ባህልን አይወክልም። ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ሙዚየም አለ፣ ተመራማሪና የባህል ባለቤት አለ። ይህ ታውቆ ነው በ1945 ለንደን ላይ በተፈረመው የዩኔስኮ መመሥረቻ ሰነድ አንቀጽ 7 ላይ እያንዳንዱ አገር እነዚህን አካላት ከድርጅቱ ጋር የሚያገናኝ አካል፣ ቢቻል ብሔራዊ ኮሚሽን፣ እንዲያቋቁም የተጻፈው። የኮሚሽኖቹን ሥራ በዝርዝር የሚወስን ቻርተር ደግሞ በ1978 ጸድቋል። ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች መካከል እንዲህ ያለ በየአገሩ የተዘረጋ መረብ ያለው ዩኔስኮ ብቻ ነው።

ስለዚህ ኮሚሽኑ የዩኔስኮ ቅርንጫፍ አይደለም። የኢትዮጵያ መንግሥት አካል ነው፤ ሥራውም ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር የተያያዘ ነው። ሠራተኞቹ የአገር ውስጥ ሠራተኞች ናቸው። አዲስ አበባ ያለው የዩኔስኮ ቢሮ ሌላ ነው። ኮሚሽኑ መንግሥትን ያማክራል፣ የአገር ውስጥ ተቋማትን ከዩኔስኮ ፕሮግራሞች ጋር ያገናኛል፣ ከአገር የሚወጡ ጥያቄዎችን አጣርቶ ያስተላልፋል። የራሱ የገንዘብ ካዝና የለውም። ቅርስም አይመዘግብም። «በጀት ይፈቀድልን» የሚል ደብዳቤ ብታስገቡለት እንኳን ሊፈቅድላችሁ የሚችለው በጀት የለም። በቅንነት ቢያነቡት እንኳን «መጀመሪያ ወደ ክልላችሁ ሂዱ» ከማለት ውጭ ብዙ የሚሉት አይኖርም።

ይህን ስል የኮሚሽኑን ሥራ ላሳንስ አይደለም። ባሕር ዳር ዓለም አቀፍ ትብብር ምን እንደሚያስገኝ በተግባር ያየች ከተማ ናት። ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የፔዳጎጂ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1972 ሲመሠረት የኢትዮጵያ መንግሥት፣ ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በአንድ ስምምነት ተባብረው ነበር። ከዚያ የወጡ መምህራን በየትምህርት ቤቱ አስተምረዋል። መምህር፣ ምናልባት የእርስዎም አስተማሪዎች ከእነሱ መካከል ይሆናሉ። እንዲህ ያለው ነገር የሚሳካው ግን በአገር ውስጥ የሚሠራው ሥራ መልክ ይዞ ሲጠብቅ ነው።

«ጣና በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል» የሚለው ስህተት ነው። በጣም የተለመደ ስህተት ስለሆነ ማንንም አልወቅስም። የጣና ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2015 የተመዘገበው በባዮስፌር ሪዘርቭነት፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ አብረው እንዲኖሩ በሚጠበቅ አካባቢነት ነው። ይህ ዩኔስኮ በ1971 የጀመረው «ሰውና ባዮስፌር» የሚባለው ፕሮግራም ነው። የዓለም ቅርስ መዝገብ ደግሞ ከ1972ቱ ስምምነት የመጣ ነው። ከእናንተ አቅራቢያ በዚያ መዝገብ ውስጥ ያለው የጎንደሩ የፋሲል ግቢ ነው፤ የገባው በ1979 ነው። የጣና ገዳማት እስካሁን እዚያ ውስጥ የሉም።

የእናንተ ጉዳይ የሚገባው ደግሞ በሦስተኛ ቦታ ነው። ታንኳ መሥራት እጅ የያዘው እውቀት ነው፤ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ይባላል። የሚመራውም በ2003ቱ ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን ያጸደቀችው በ2006 ነው። መስቀል በ2013፣ የገዳ ሥርዓት በ2016፣ ጥምቀት በ2019 የተመዘገቡት በዚህ ነው። ሦስቱ መዝገቦች የተለያየ ሕግ፣ የተለያየ ኮሚቴና የተለያየ ቅጽ አላቸው። አንዱ ላይ ያለውን ሌላው ላይ «ማስጨመር» የሚባል ነገር የለም።

ባዮስፌሩ ግን ይጠቅማችኋል፤ በሌላ መንገድ። የጣናው ባዮስፌር 695,885 ሄክታር ነው። ጥብቅ የሆነው ዋናው ክፍል 22,841 ሄክታር ብቻ ነው። የቀረው መከለያና የልማት ክፍል ነው፤ ሰው የሚኖርበት፣ የሚያርስበት፣ ዓሣ የሚያጠምድበት። የባዮስፌር ሐሳብ ሰውን ከተፈጥሮ ማስወጣት ሳይሆን አብረው የሚኖሩበትን መንገድ መፈለግ ነው። ታንኳ ያለ ደንገል የለም። ደንገል ደግሞ ያለ ረግረግ የለም። ረግረጉ ታርሷል፣ ለግጦሽ ውሏል፣ እምቦጭም ከ2011 ጀምሮ ሐይቁ ላይ ታይቶ ብዙ ዳርቻ ወርሯል። ስለዚህ የታንኳ ጥያቄያችሁ የረግረግ ጥያቄም ነው። ይህን ያላነሳ ሰነድ በባለሙያ ፊት አይቆምም። ሽማግሌው እውቀቱን ለልጁ ቢያስተላልፍ ልጁ የሚያጭደው ደንገል ከሌለ ምን ያደርግበታል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ደብዳቤያችሁ ላይ ያሳሰበኝ ይኸው ነው። ማኅበራችሁ የመምህራንና የተማሪዎች ነው። በጥያቄው ውስጥ ሽማግሌዎቹ «እያነሱ ነው» ተብለው ተጠቅሰዋል። ሲናገሩ ግን አልሰማሁም። የታንኳ ሙያ በጣና ዙሪያ ከሁሉ በላይ ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ጋር የተሳሰረ ነው። እነዚህ ሰዎች ለዘመናት በጎረቤቶቻቸው ተንቀው፣ ተገልለው ኖረዋል። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ነው የሚናገሩት። የባሕር ዳር ዳርቻ ሲለማ በቅድሚያ ቦታ የሚጠብባቸውም ውኃው ዳር የኖሩት ናቸው። ዛሬ ደግሞ እጃቸው ላይ የቀረውን እውቀት ሌላው ተነሥቶ «የእኛ ቅርስ» ብሎ ቢያስመዘግበው፣ በቀናነትም ቢሆን፣ ያው የድሮው ነገር ነው።

ይህ የሥነ ምግባር ምክር ብቻ አይደለም። የ2003ቱ ስምምነት ራሱ የሚጠይቀው ነው። ለምዝገባ የሚቀርብ ሰነድ ከሚመዘንባቸው መስፈርቶች አንዱ የቅርሱ ባለቤት የሆነው ማኅበረሰብ በዝግጅቱ በሰፊው መሳተፉና በነጻነት፣ አስቀድሞ፣ በሚገባ ተረድቶ መስማማቱ ነው። ስምምነቱ በማስረጃ ይያያዛል። በጽሑፍ ሊሆን ይችላል፤ በድምፅ ወይም በቪዲዮም ይቻላል። በአማርኛ ሆኖ ትርጉም ይያያዝበታል። ፊርማ ብቻ ሰብስቦ መመለስ ግን ስምምነት አይባልም። ሰዎቹ ምን እንደሚጻፍ፣ ማን እንደሚያነበው፣ ምን እንደሚያገኙና ምን እንደማያገኙ አውቀው ነው መስማማት ያለባቸው። «ይህን ክፍል አትጻፉ» የማለት መብትም አላቸው። እምቢ ካሉም ነገሩ እዚያው ያበቃል።

አንድ ታሪክ እዚህ ላይ ይነሣ። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለመሻገር ሲነሣ «ራ» ያላት ጀልባ የተሠራችበት ደንገል የሄደው ከጣና ነው። የሠሯት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ያቺ ጀልባ ሳትደርስ ተበታተነች፤ በዓመቱ የተሠራችው ሁለተኛዋ ባርባዶስ ደርሳለች። ታሪኩን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ደንገሉን የሰጠው ዳርቻ ላይ ግን በዚያ ዘመን ታንኳ ይሠሩ የነበሩትን ሰዎች ስም የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? የእናንተ ሥራ ይህን ክፍተት የሚሞላ ቢሆን እወዳለሁ። ለዚህ ደግሞ የማንም መዝገብ አያስፈልጋችሁም።

ስለዚህ ማኅበሩን አስፉት። የታንኳ ሠሪዎችን «ምንጭ» ብቻ አታድርጓቸው፤ አመራር ውስጥ ይግቡ። ሴቶቹንም አትርሱ። ደንገል ከታንኳ ሌላ ብዙ የእጅ ሥራ ይወጣዋል፤ ያንን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከዘጌ እንጨት ጭነው በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይመጡ የነበሩትም፣ በታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱትም የቅርሱ ባለቤቶች ናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ሐሳብ ላይኖራቸው ይችላል። ልዩነቱን ጻፉት፤ አትደብቁት።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የአገር ውስጥ ምዝገባ ነው። በዩኔስኮ መዝገብ ለመግባት ቅርሱ አስቀድሞ በአገሩ የቅርስ ቆጠራ ውስጥ መኖር አለበት። ይህም መስፈርት ነው፤ ያለ እሱ ሰነዱ ይወድቃል። መንገዱ ከወረዳ ወይም ከክፍለ ከተማ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይነሣል። በክልሉ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ በኩል ያልፋል። መድረሻው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። ሕጋዊ መሠረቱ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሰው ይህን ደረጃ እንደ ቢሮክራሲ አይቶ ሊዘለው ይፈልጋል። አይዘለልም። ደግሞም እውነተኛው ጥበቃ ያለው እዚህ ነው። የረግረግ መሬት ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ፓሪስ ያለ ኮሚቴ ሳይሆን እዚሁ ያለ አስተዳደር ነው።

ዓለም አቀፍ ምዝገባውን እንየው። ለማይዳሰስ ቅርስ ሁለት ዋና መዝገቦች አሉ። አንዱ ወካይ መዝገብ ነው። ጥምቀትና መስቀል ያሉት እዚያ ነው። ሌላው አስቸኳይ ጥበቃ የሚሹ ቅርሶች መዝገብ ነው። ሰው ሁሉ የሚመኘው የመጀመሪያውን ነው። እናንተ የነገራችሁኝ ሁኔታ ግን፣ ሠሪው እየቀነሰ፣ ወጣቱ እየራቀ፣ ደንገሉ እየሳሳ፣ የሚስማማው ከሁለተኛው ጋር ነው። ሁለተኛው ውርደት አይደለም። እንዲያውም ከዚህኛው ጋር የገንዘብ ድጋፍ ጥያቄ አብሮ ማቅረብ ይቻላል። ኃላፊነቱ ግን ይከብዳል፤ አገሪቱ በየ4 ዓመቱ ስለ ቅርሱ ሁኔታ ሪፖርት ታቀርባለች።

ሰነዱ የሚገባው በየዓመቱ እስከ መጋቢት 31 ነው፤ በፈረንጆቹ መጋቢት፣ በእኛ መጋቢት 22 አካባቢ መሆኑ ነው። የሚወሰነው በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ነው። 10 ፎቶ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ የሚሆን ቪዲዮ፣ የስምምነት ማስረጃና የቆጠራው ማስረጃ አብረው ይያያዛሉ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ነው። የሚያቀርበው መንግሥት ብቻ ነው። በዓመት የሚታየው ሰነድ ቁጥር ከመላው ዓለም ተደምሮ ጣሪያ አለው። አንዲት አገር በየዓመቱ የፈለገችውን ያህል አታስገባም። ስለዚህ በኢትዮጵያ ውስጥ ተራ አለ። ታንኳው ከሌሎች ብዙ የሚገባቸው ቅርሶች ጋር ይወዳደራል። ተራው ሊርቅ እንደሚችል ለሽማግሌዎቹ ከአሁኑ በግልጽ ንገሯቸው። ቃል ተገብቶለት ያልደረሰለት ሰው ዳግመኛ በሩን አይከፍትም።

ምዝገባው ሲመጣም ምን እንደማያመጣ ልብ በሉ። ቅርሱ የዩኔስኮ አይሆንም። የባለቤትነት መብት ወይም የንግድ ምልክት አይሰጥም። ሌላው ታንኳ እንዳይሠራ አይከለክልም። ደመወዝ አይከፍልም። ቱሪስት ሊጨምር ይችላል፤ ያም ቢሆን ቱሪስቱ የሚከፍለው ገንዘብ ለጀልባ ማኅበርና ለሆቴል ደርሶ ለታንኳ ሠሪው ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ይህን ከአሁኑ አስቡበት።

ወደ ገንዘቡ። ኮሚሽኑ በቀጥታ የሚጠቅማችሁ እዚህ ላይ ነው። ዩኔስኮ የተሳትፎ ፕሮግራም የሚባል አለው። በየሁለት ዓመቱ ከአባል አገሮች አነስተኛ የፕሮጀክት ጥያቄ ይቀበላል። ጥያቄው የሚያልፈው በብሔራዊ ኮሚሽኑ በኩል ነው። አፍሪካና በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ቅድሚያ አላቸው፤ ወጣቶችም እንዲሁ። ገንዘቡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር እንጂ ሚሊዮን አይደለም። ለሥልጠና፣ ለዐውደ ጥናት፣ ለሕትመት፣ ለመሣሪያ ይውላል። መኪና አይገዛበትም። አንዲት አገር በአንድ ዙር የምታቀርበው ጥያቄ ቁጥሩ የተወሰነ ነው፤ ስለዚህ ኮሚሽኑ መምረጥ ግዴታው ነው። ሌላም ምክንያት አለ። ቀደም ሲል የተሰጠ ገንዘብ የሂሳብ ሪፖርት ሳይቀርብ ከቀረ አዲስ ገንዘብ ይያዛል። አንድ ማኅበር ደረሰኝ ቢያጠፋ የሚጎዱት ሌሎችም ናቸው። ኮሚሽኑ የማያውቀውን ማኅበር ሲጠራጠር የሚያየው ይህንን ነው። እናንተም በእነሱ ቦታ ብትሆኑ ትጠራጠሩ ነበር።

ሁለተኛው በር የማይዳሰስ ቅርስ ፈንድ ነው። እስከ 100,000 ዶላር የሚደርስ ጥያቄ በዓመቱ በማንኛውም ጊዜ ሊቀርብ ይችላል። ከዚያ በላይ የሆነው የዓመቱን ቀነ ገደብ ይጠብቃል። ይህንንም የሚያቀርበው መንግሥት ነው። ለእውቀት ማስተላለፍና ለቅርስ ቆጠራ ሥራ ድጋፍ ይሰጣል። ቅርሱ በየትኛውም መዝገብ ላይ ባይኖርም ለቆጠራው ሥራ መጠየቅ ይቻላል። በእኔ እምነት ለእናንተ ጉዳይ ከምዝገባው ይልቅ ይኸኛው ቀድሞ ሊታሰብ ይገባል።

ስለ ሰውየው። ዩኔስኮም ሆነ ኮሚሽኑ ሰነድ ለመቀበል፣ ለማየት ወይም «ለማፋጠን» ክፍያ አይጠይቁም። «የዩኔስኮ ተወካይ ነኝ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ደረሰኝ አትጠይቁት፤ ተዉት። ሰነድ መጻፍ የሚችል ባለሙያ መቅጠር ነውር የለውም፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። «ያልቅላችኋል» የሚል ግን እሱ የማይወስነውን ነገር ነው የሚሸጥላችሁ። በዚህ አጋጣሚ ልጆቻችሁን «በዩኔስኮ እውቅና የተሰጠው ኮሌጅ» ለሚል ማስታወቂያ አሳልፋችሁ አትስጡ። ዩኔስኮ ለዩኒቨርሲቲ እውቅና አይሰጥም፤ ዲግሪም አያረጋግጥም። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ካያችሁ ሽሹ።

አንድ ሌላ ጥንቃቄ። የዩኔስኮን ዓርማ በቲሸርት፣ በባነር ወይም በማኅበራችሁ ማኅተም ላይ አታትሙ። ስሙና ዓርማው ያለ ፈቃድ አይነካም። በአገር ውስጥ ለሚደረግ ዝግጅት ፈቃድ መጠየቅ ካስፈለገ የሚጠየቀው ኮሚሽኑ ነው። «ከዩኔስኮ ጋር በመተባበር» የሚለውን ሐረግም ትብብሩ በጽሑፍ እስኪኖር ድረስ ተዉት። ብዙ ጥሩ ማኅበራት በዚህች ቃል ብቻ አመኔታ አጥተዋል።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ይህ ዓመት የማኅበረሰቡ ይሁን። ከታንኳ ሠሪዎቹ ጋር ተቀመጡ፤ በእነሱ ፈቃድ አሠራሩን ከደንገሉ ማጨድ እስከ መጨረሻው ቋጠሮ ቅረጹ፣ ስማቸውን ጻፉ፣ ቅጂውን ለእነሱም ስጡ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ባህልና ስለ ረግረግ የሚያጠና ሰው ፈልጋችሁ አብራችሁ ሥሩ። የሰበሰባችሁትን ይዛችሁ ወደ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ሂዱና በቆጠራው ውስጥ እንዲገባ ጠይቁ። ማኅበሩን በሕግ አስመዝግቡ፤ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፤ ወጪያችሁን ትንሿን ሳይቀር በደረሰኝ ያዙ። ለኮሚሽኑ የምትጽፉት ከዚያ በኋላ ነው።

ያኔ የምትጽፉት ደብዳቤ ከሁለት ገጽ አይለፍ። ስለ ጣና ውበት አትጻፉ፤ ያውቁታል። ማን እንደሆናችሁ፣ ታንኳ ሠሪዎቹ በምን ሥልጣን እንደሚሳተፉ፣ ቆጠራው የት እንደደረሰ፣ ክልሉ የጻፈላችሁን የድጋፍ ደብዳቤና ያሰባችሁትን አነስተኛ ፕሮጀክት ከነበጀቱ ግለጹ። ለምሳሌ ጥቂት ወጣቶች በአንድ የደንገል ወቅት ከሽማግሌዎቹ ጋር ታንኳ እየሠሩ የሚማሩበትና አንድ የረግረግ ክፍል የሚያገግምበት ፕሮጀክት ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ የቀጣዩ ዙር የተሳትፎ ፕሮግራም ማመልከቻ መቼ እንደሚከፈትና የአገር ውስጡ ቀነ ገደብ መቼ እንደሆነ። የአገር ውስጡ ቀን ከዩኔስኮ ቀን ይቀድማል፤ ብዙ ሰው የሚያመልጠውም እሱ ነው።